ስፖዱሚን (ሊትየም ያለበት ድንጋይ) በአሲድ ዘፍዝፌ ሊትየም አልወጣልኝም ላልከው

ችግሩ አሲዱ አይደለም፣ ድንጋዩን ስላላቃጠልከው ነው። ከጉጂው ቀንጢቻ አመጣሁት ያልከውን ስፖዱሚን ፈጭተህ ቀጥታ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሁለት ቀን አይደለም ወር ብታስቀምጠው ያው ነው፣ በተፈጥሮው አልፋ በሚባለው ቅርጽ ስለሆነ አሲድ አይደፍረውም።

1. 1050 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አቃጥለው፣ አሲድ ወደሚደፍረው ቤታ ወደሚባለው ቅርጽ ይቀየራል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሸክላ የሚተኩሱበት እሳት እዚህ አይደርስልህም፣ ፈርነስ (የላብራቶሪ ምድጃ) የግድ ነው።
2. ሲቀዘቅዝ ባልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ለውሰህ 250 ዲግሪ ላይ ጥበሰው፣ የጭስ ማውጫው ስር ግን!
3. በውሃ በጥብጠህ አጥልለው፣ ሊትየም ሰልፌቱ ከውሃው ጋ ይወጣል። ከዛ ብረቱንና አሉሚኒየሙን በኖራ አስወግደህ፣ ውሃውን በማትነን አወፍረህ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ጨምር፣ ነጩ ዱቄት ሊትየም ካርቦኔት ነው። እሱ ደሞ እንደ ስኳር አይደለም፣ ውሃው በሞቀ ቁጥር መሟሟቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ 90 ዲግሪ አካባቢ እንዳለ አጥልለው፣ ስታጥበውም በሙቅ ውሃ፣ በቀዝቃዛ ካጠብከው ግማሽ ልፋትህ በቧንቧ ይሄዳል።

ክሩሲብሉን (ዱቄቱን የምታቃጥልበትን ጽዋ) ደሞ እንዳትሞላው። ወደ ቤታ ሲቀየር 30 በመቶ ያህል ያብጣል፣ እኔ መጀመሪያ ቀን እስከ አፉ ሞልቼው ጠዋት ፈርነሱን ስከፍት ዱቄቱ ወለሉ ላይ ተዘርግፎ ጠበቀኝ፣ ስጠርግ ነው የዋልኩት።