ማውሱን ከእጃቸው አትቀሙ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ሰሞኑን የወንድሜ ልጅ ሊጠይቀኝ ቤት መጥቶ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሲስተም እያስገባ ነው። እሱ ሠራተኞቹን እንዲያሠለጥን ተመድቧል። ቡናው ሳይፈላ ምሬቱን ጀመረ። "ትልልቆቹ አስቸገሩኝ፤ መማር አይፈልጉም፤ ለውጥ ይጠላሉ" አለኝ። ዝም ብዬ ሰማሁት። እኔም አንድ ጊዜ ልክ ይህንኑ ተናግሬያለሁ። ተሳስቼም ነበር። ለሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ባንክ ውስጥ ሠርቻለሁ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኛል። ስቀጠር ሁሉም ነገር በእጅ ነበር። ደንበኛው የቁጠባ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፤ የመውሰጃ ቅጹን ይሞላል። ሠራተኛው ካርዱን ከመሳቢያ አውጥቶ ፊርማውን ያመሳክራል፤ ቀሪውን ይጽፋል። ከዚያ ወረቀቱ ወደ ተቆጣጣሪው ያልፋል። ደንበኛው ቁጥር ያለበት ብረት ተቀብሎ ወንበር ላይ ይጠብቃል። ሒሳብ ከከፈተበት ቅርንጫፍ ውጪ ገንዘብ ማውጣት አይታሰብም ነበር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ኮምፒውተሩና ኔትወርኩ ወደ እኛ ቅርንጫፍ ደረሰ። ከባልደረቦቼ ቶሎ ስለለመድኩት ሌሎቹን እንዳለማምድ ተመረጥኩ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤም አብጦ ነበር።

በቅርንጫፉ ከሁሉም የቆዩ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሁላችንም "ጋሼ" ነበር የምንላቸው። ደንበኛው በር ላይ ሲታይ ካርዱን ከመሳቢያው የሚያወጡ ሰው ናቸው። ፊርማ አይተው "ይሄ የሱ እጅ አይደለም" ካሉ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር እሳቸውን ሳይጠይቅ አይወስንም ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሰልፉ በር ደርሷል። ጋሼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። በአንድ ጣት ፊደል እየፈለጉ ይጫናሉ። የማውሷ ቀስት የት እንደገባች ጠፍታባቸው ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ ያደርጓታል። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ትዕግሥቴ አለቀ። በትከሻቸው በኩል እጄን ሰድጄ "ቆይ ጋሼ፣ እኔ ልሥራው" ብዬ ማውሱን ወሰድኩት። ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ። አለቀ። ከሰልፉ አንዱ "ወጣቱ ይሻላል" አለ።

ጋሼ ምንም አልተናገሩም። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉት። ኪሳቸው ከተቱት። ከወንበሩ ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት እዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጡም። ዓይናቸውን እንደሚያማቸው ነገሩን። እኔ ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ "አዲሱን አሠራር አልተቀበሉም" ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ያ ወረቀት ዛሬም ይቆጨኛል። ያልተቀበሉት ኮምፒውተሩን አልነበረም። ሃያ ምናምን ዓመት ባገለገሉት ሕዝብ ፊት መዋረድን ነው።

ወራት አልፈው አንድ ቀን ሻይ ይዤላቸው ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ለምን እንደፈሩት ጠየቅኋቸው። እንዲህ አሉኝ፦ "ካርድ ላይ ስህተት ካለ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ አውቃለሁ። ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ይሄኛው ሲሳሳት ማንን ነው የምጠይቀው?"

ባንክ ቤት ላልሠራችሁ ላስረዳ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ገንዘብ ከጎደለ ጉድለቱ የገንዘብ ያዡ ነው። ከደመወዙ ይቆረጣል። እንግዲህ ልጆች ያሉት ሰው ውስጡን የማያየው ሣጥን ተሰጥቶት "እመነው" ሲባል ቢጠራጠር ምን ይገርማል? ጋሼ ከኮምፒውተሩ ጎን የግል ደብተር ይዘው እያንዳንዱን ሥራ በእርሳስ ይጽፉ ነበር። እኔ ያንን እንደ እልህ ቆጠርኩት። እሳቸው ግን ሣጥኑን እየፈተኑት ነበር። ቁጥሩ ከደብተራቸው ጋር ሲገጥም፣ ሲገጥም፣ ሲገጥም ደብተሩን ራሳቸው ተዉት። ማንም አላስገደዳቸውም።

ፍሬድ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ኮምፒውተርን ለመቀበል ሁለት ነገር ያመዛዝናል ይላል። ለሥራዬ ይጠቅመኛል ወይ? ሳልቸገር እጠቀምበታለሁ ወይ? ከሁለቱ የመጀመሪያው በልጦ ተገኝቷል። ጥቅሙን ያየ ሰው ትንሽ ቢከብደውም ይታገለዋል። ቀላል ስለሆነ ብቻ ግን የማይረባውን ነገር አይዝም። በ2003 እ.ኤ.አ. ቬንካቴሽ የሚባል ሌላ ተመራማሪ ከዴቪስና ከሌሎች ጋር ሆኖ ሁለት ነገር ጨመረበት። አንደኛው በዙሪያችን ያሉ ሰዎች ስለ ነገሩ የሚያስቡት ነው። ሁለተኛው ለመሥራት የሚያስፈልገው ድጋፍ መኖር አለመኖሩ ነው።

ይህን ሳነብ ጋሼ ፊቴ ድቅን አሉ። ለባንኩ መጥቀሙ ግልጽ ነበር። ለደንበኛውም እንዲሁ። ለሳቸው ምን እንደሚጠቅማቸው ግን የነገራቸው አልነበረም። የሚያውቁት ሁሉ በአንድ ጠዋት ዋጋ ያጣ ነው የመሰላቸው። ድጋፉማ ተዉት። መብራት ይሄዳል። ኔትወርክ ይቆረጣል። "ሲስተም የለም" ብሎ ለሰልፈኛው የሚናገረው፣ ስድቡንም የሚቀበለው መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ነው። ሲስተሙን የመረጠው ሰው እዚያ የለም።

በጽሕፈት መኪና የሠሩ ጸሐፊዎችም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ኮምፒውተር ሲመጣ "እምቢ አሉ" ተብለው ብዙ ታምተዋል። ግን አስቡት። ያኔ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው። እዚህ ያማረ ደብዳቤ ሌላ ቢሮ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። የጽሕፈት መኪናው ወረቀት ግን የትም ቢሄድ ይነበባል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት ኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ነገሩ ቀስ በቀስ መስመር የያዘው። እነዚያ ጸሐፊዎች የፈሩት በዓይናቸው ያዩትን ችግር ነው።

ደግሞ ወደ ገበያ ውጡና እዩ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር የሰፈራችንን የጉሊት ሴቶች ማን አዳራሽ ሰብስቦ አሠለጠናቸው? ማንም። ዝርዝር ፍለጋ መሯሯጥ ሲቀርላቸው ያዙት። ስልኳን ለልጇ ሰጥታ "ገብቷል ወይ?" ትል የነበረችው ቲማቲም ሻጭ ዛሬ መልእክቱን ራሷ ታያለች። "ያልተማረ አይገባውም፣ ያረጀ አይለምድም" የሚሉ ሰዎችን ከዚያ ወዲህ መስማት ትቻለሁ።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ክፉ እምቢታም አለ። "ፋይልዎ ጠፍቷል፣ ነገ ይመለሱ" እያለ ኑሮውን የሚያደላድል ሰው ሲስተም ሲመጣ ይጮኻል። ፋይሉ የት ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንደቆየ ስለሚታይበት ነው። ለዚህ ሰው ሻይ ይዛችሁ አትሂዱ። ነገር ግን ይህን ከጋሼ ዓይነቱ ለዩት። ልዩነቱን ለማወቅ ሰውየውን "ምን ይበላሽብሃል?" ብላችሁ ጠይቁት። ሐቀኛው ሠራተኛ ቁጥርና ምሳሌ እየጠቀሰ ይነግራችኋል። ሌላው ነገር ያድበሰብሳል።

የጋሼን ዋጋ ያወቅሁት ደግሞ በሌላ ቀን ነው። አንዲት እናት የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ስማቸው ፀሐይ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ብትፈልግ ብትፈልግ ሒሳቡ የለም። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል በቲ እና ኤስ ጻፈችው፣ የለም። በኤስ ብቻ ጻፈችው፣ የለም። መጨረሻውን አንዴ በዋይ፣ አንዴ በአይ ሞከረችው። ሴትዮዋ ላብ አጠመቃቸው። ጋሼ ከኋላ ሆነው ደብተሩን ተቀበሉ። ገልጠው የእጅ ጽሑፉን አዩት። የማን እንደሆነ አወቁት። ካርዶቹ ወደ ኮምፒውተር ሲገቡም የራሱን ድርሻ ያስገባው ያው ሰው ነበር። "እሱ ፀን በቲ እና ዜድ ነው የሚጽፈው። በዜድ ፈልጊው" አሉ። ወጣ። ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

በማግስቱ ጋሼን አንድ ነገር ለመንኳቸው። ካርዶቹን ያስገቡት ሠራተኞች ፀን፣ ጸን፣ ኃን፣ ቀን በምን በምን ፊደል ይጽፉ እንደነበር ዘርዝረው እንዲጽፉልን ነው። በዚያ ውብ እጅ ጽሑፋቸው አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉ። ከኮምፒውተሩ ጎን ለጠፍነው። ወንበሩ ላይ ተመልሰው የተቀመጡት በዚያ ሳምንት ነው። እኔ ጎናቸው ተቀመጥኩ። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እሳቸው ሲሳሳቱም ሲያርሙም ዝም ብዬ አየሁ። ሞት ይመስል ነበር ዝምታው። ግን ቻልኩት።

ስለዚህ የወንድሜን ልጅ እንዲህ አልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ሰብስበህ ግድግዳ ላይ ምስል ማሳየቱን ቀንሰው። አንድ በአንድ ጎናቸው ተቀመጥ። እጅህን ሰብስብ። ወረቀቱም ኮምፒውተሩም ይሞላ ብላችሁ ድርብ ሥራ ከጫናችሁባቸው ወረቀቱ የሚቀርበትን ቀን ቆርጠህ ንገራቸው። ሲስተሙ ስህተት ካለበት ደግሞ አትሸፍንለት፤ አንተ ቀድመህ ተናገር። ከሁሉም በፊት ግን አስቸገሩኝ ከምትላቸው በጣም የምታስቸግርህን ጠይቃት።

ትናንት ማታ ደወለልኝ። መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት የሠሩ አንዲት እናት ዘንድ ሄዶ "በዚህ ነገር ምን ይበላሽብዎታል?" ብሎ ጠይቋቸዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ፤ እሱ አራት ገጽ ጻፈ። ሲስተሙ ላይ ወር የሚመረጥበት ቦታ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ያለው። ሴትዮዋ የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነበር፦ "ልጄ፣ ጳጉሜን 3 የተወለደውን የት ላይ ነው የምጽፈው?"