የፍቅር ኮሜዲ ለምትጽፉ ልጆቼ

ሠላሳ ዓመት ያህል ፊልም ስቆርጥ ስቀጥል ኖሬያለሁ። አሁን የምታመጡልኝን ስክሪፕት ሳነብ፣ ሁላችሁም «የተለየ» የፍቅር ኮሜዲ ትፈልጋላችሁ፤ ልዩነቱን የምትፈልጉት ግን ቦታና ልብስ ላይ ነው። ሀብታሙ ልጅ ድሃ መስሎ ይቀርባል፣ ልጅቷ ትናደዳለች፣ ሠርግ። እስኪ አንድ የፊሊፒንስ ፊልም ላንሳላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን «ኪታ ኪታ»ን። መጨረሻውን ልናገር ነውና ያላያችሁት ቀድማችሁ እዩት።

በማኒላ የፍቅር ኮሜዲ ትልቅ ገበያ ነው። ስቱዲዮዎቹ «ላቭ ቲም» የሚሉትን ቆንጆ ጥንድ ከፊልም ፊልም ያሻግራሉ። ተመልካቹም የሚሄደው «ኪሊግ» ለሚለው፣ ሰውነትን ውርር ለሚያደርግ ስሜት ነው። ጸሐፊዋና ዳይሬክተሯ ሲግሪድ አንድሪያ ቤርናርዶ ግን አፍቃሪውን ለኮሜዲያኑ ለኤምፖይ ማርኬዝ ሰጠችው፤ መልኩ ለሳቅ እንጂ ለፍቅር የማይታጭ ሰው። ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ የአገሩ መልከ መልካም ኮከብ ፒዮሎ ፓስኩዋል መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ነገሩ መልክ ላይ ቢቆም ኖሮ ቀልድ ሆኖ ያልፍ ነበር። አሌሳንድራ ዴ ሮሲ የምትጫወታት ሊያ በጃፓን፣ ሳፖሮ ከተማ አስጎብኚ ናት። እጮኛዋ ሲከዳት ታያለች፤ ከድንጋጤው ብዛት ለጊዜው ዓይኗ ይጠፋል። የአገሯ ልጅ የሆነ ጎረቤቷ ቶንዮ ምግብ ይዞ በሯን ያንኳኳል። በባዕድ አገር አፍ በፈታችሁበት ቋንቋ የሚያናግር ጎረቤት ምን ማለት እንደሆነ፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ የሠራች እህት ያለችው ያውቃል። ልጅቷ ድምፁንና ጨዋታውን ትወዳለች። ዓይኗ በተመለሰ ጊዜ ደግሞ መኪና ይገጨዋል፤ ይሞታል።

እዚህ ላይ ፊልሙ ወደ ኋላ ይመለስና ያንኑ ታሪክ በእሱ ዓይን ይነግረናል። ለካ ቶንዮ ቀድሞ ልቡ ተሰብሮ መንገድ ላይ ሰክሮ የወደቀው ሰው ነበር፤ ማንነቱን ሳታውቅ ደግ የዋለችለት። ዓይኗ በደህና ሳለ አጠገቧ ነበር! እኔ በሙያዬ የቀናሁት በዚህ ነው። ያየነውን ቀን መልሶ ያሳየናል፤ ካሜራው ብቻ ተሻግሮ ቆሟል፤ የሳቅንበት ሁሉ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

«ኪታ» በፊሊፒንሶች ቋንቋ በታጋሎግ እኔንና አንቺን በአንድ ቃል ይይዛል፤ መታየትንም ያመለክታል። ርእሱ «አየሁሽ» እንደማለት ነው። የእኛም ግስ ባለቤቱንና ተሳቢውን በአንድ ቃል አስሮ መያዙን ልብ በሉ፤ እንግሊዝኛ ሦስት ቃል ይፈልጋል።

አንድ ጥፋቴን ልናገር። ከዓመታት በፊት አንዲት ልጅ አፍቃሪው መልከ ጥፉ የሆነ ስክሪፕት አመጣችልኝ። «ተመልካች አይቀበለውም» አልኳት። በቆንጆ ልጅ ተካችው፤ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት የወረደው ወር ሳይሞላው ነው። በአነስተኛ ድርጅት የተሠራው «ኪታ ኪታ» ከ300 ሚሊዮን ፔሶ በላይ ሲያስገባ፣ ስልኳን ፈልጌ ደወልኩላት። ጽሕፈቱን ትታ ሱቅ ከፍታለች። ሳቀችብኝ።

እናንተ ደግሞ በሚቀጥለው ስትመጡ፣ ልጅቷ ልጁን ከማየቷ በፊት እሱ ያየውን ሁሉ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አምጡልኝ። መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።