በሩ ላይ የቆመችው ሚስትህ

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፣ ኦርቶዶክስ። እሷ የወሎ ልጅ ናት፣ ሙስሊም። በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመን በየእምነታችን እንኖራለን። በፊት በጣም ደህና ነበርን። ሴት ልጅ ከወለድን ወዲህ ግን፣ አሁን አምስት ወር ሆናት፣ ስነካት ትሸሻለች፣ «ያመኛል» ትላለች። ጓደኞቼን ሳማክር «የእስላም ሴቶች ስለሚገረዙ ስሜት የላቸውም፣ ሳታውቅ ገብተህ ነው» አሉኝ። ሳስበው እውነት መሰለኝ። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም። እናቴ ሚስቴን ለማረስ ከገጠር መጥታ እስካሁን አብራን ናት። ባለቤቴ ከእሷም ጋር አልተስማማችም፤ እናቴ ልጅቷን ስታጥብ እንኳ በሩ ላይ ቆማ ነው የምታያት፣ ግን ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። ለተገረዘች ሴት መፍትሔ አለ ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጓደኞችህ ያሉትን ነግረኸኛል። አንተ ያሰብከውን ነግረኸኛል። ባለቤትህ ያለችው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፣ «ያመኛል»። እሱንም አላመንካትም።

ከእሱ ልጀምር። ሚስትህ ከወለደች ገና አምስት ወሯ ነው። ጡት የምታጠባ ከሆነ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በሰውነቷ ውስጥ ዝቅ ይላል፣ ብልት ይደርቃል፣ ግንኙነት ያማል። ስትወልድ ተሰፍታ ከሆነ ደግሞ ጠባሳው ራሱ ሊያማት ይችላል። እንቅልፍ ማጣቱ አለ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርትም አለ። ይሄ ሁሉ በክርስቲያኗም በሙስሊሟም፣ በተገረዘችውም ባልተገረዘችውም ላይ ይደርሳል። ደግሞ አንተው ራስህ «በፊት በጣም ደህና ነበርን» ብለህ ጽፈሃል። ተገርዛ ከሆነ የተገረዘችው በልጅነቷ ነው እንጂ የዛሬ አምስት ወር አይደለም። ለመሆኑ ይሄን እንዴት ሳታየው ቀረህ? እኔ የሚመስለኝ የጓደኞችህ መልስ ነገሩን ስላቀለለልህ ነው። ችግሩ ከእሷ ወገን መጣ ከተባለ፣ ከአንተ ምንም አይጠበቅማ።

«እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም» ያልከው ላይ ግን ረጋ ብለን እናውራ፤ እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እንዴት አወቅህ? በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በአገር ደረጃ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘናል ብለዋል። በአማራ ክልል 62 በመቶ። ወሎም ጎጃምም ያሉት በዚሁ ክልል ውስጥ ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቆጥሮበታል። በእኛ አካባቢ ደግሞ የሚገረዙት አብዛኛውን ጊዜ በጨቅላነት ስለሆነ ሴቷ ራሷ ላታስታውሰው ትችላለች፣ ወንድሟማ ከየት ሰምቶ? ስለ እናትህና ስለ እህቶችህ ገላ የምታውቀው ነገር የለም። ማወቅም የለብህም። ግን የማታውቀውን «የለም» ብለህ ጻፍክ፣ የማታውቀውን ደግሞ ስለ ሚስትህ «አለ» ብለህ ጻፍክ፣ ሁለቱንም የወሰንከው በሃይማኖት ነው።

ግርዛት የሚለው ቃልም ብዙ ነገር ይሸፍናል። በዚያው ዳሰሳ ተገርዘናል ካሉት ውስጥ ብልታችን ተሰፍቶ ተዘግቷል ያሉት 7 በመቶ ናቸው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ መጠነኛ መጫር ብቻ ነው የደረሰባቸው። ተገርዛ ሕይወቷን ሙሉ የምትሠቃይ ሴት አለች፣ ተገርዛ ከባሏ ጋር በደስታ የምትኖርም አለች። ጉዳቱን ማቃለሌ እንዳይመስልህ፤ በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 565 የሚያስቀጣ ድርጊት ነው፣ መቅጣቱም ልክ ነው። የምልህ፣ 62 የሚለው ቁጥር ስለ አንዲት ሴት ምንም ሊነግርህ አይችልም ነው። የሚስትህን የምታውቀው ከሚስትህ ብቻ ነው።

በዚህ ሥራ ስኖር በጣም የሚያሳዝነኝ እንዲህ ያለው ነገር ነው። እዚሁ ጣና ዳር፣ በደንገል ታንኳ የሚሠሩትን ነገደ ወይጦዎችን ገላቸው እንዲህ ነው፣ ጠረናቸው እንዲያ ነው ሲባል ሰምተሃል። የሚያወራው ሰው ቤታቸው ገብቶ ውሃ እንኳ ጠጥቶ አያውቅም። ስለ «እነሱ» ገላ የሚወራ ወሬ ሁልጊዜ እርግጠኛ ነው፣ ማንም ሄዶ ስለማያጣራው። አንተ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይባስ ብሎ አልጋህ ውስጥ ገባ። አጠገብህ የተኛችውን ሴት ሳትጠይቅ መልሷን ከጓደኞችህ ሰማህ።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። «ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው» ብለህ ያለፍከው።

እስቲ ወደዚያች ክፍል ተመለስ። ሳፋው መሬት ላይ ነው። እናትህ ልጅቷን በአንድ እጃቸው ደግፈው በሌላው ውሃ ያፈሱባታል። ሚስትህ ፎጣውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ አትገባም፣ አትሄድምም። አራስ ሴት እኮ ልጇን የሚያጥብላት ስታገኝ ጋደም ነው የምትለው! እሷ ግን አምስት ወር ሙሉ ቆማ ትጠብቃለች። ምን እየጠበቀች ይመስልሃል?

እርግጠኛ አይደለሁም፣ እርግጠኛ ነኝ ብልህ የጓደኞችህን ስህተት መድገሜ ነው። ግን ሴት ልጅ ነው የወለዳችሁት። የምትኖሩት ሴት ልጅ በጨቅላነቷ ስትገረዝ በኖረችበት ክልል ነው። አያት ከገጠር መጥተዋል። አንተ «እነሱ ይገርዛሉ» ብለህ ስትብሰለሰል፣ እሷ «እነዚህ ልጄን ይገርዙብኛል» ብላ እየፈራች ቢሆንስ? ስለ ራሷ ገላ የምታውቀው ነገር ካለ ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ነው። በአምስት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ዓይኗን ያልጨፈነች እናት ማታ ላይ ገላዋን ዘና አድርጋ እንዴት ትስጥህ?

ላይሆንም ይችላል። የክርስትናው ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው፣ ያ ቀን ካለፈ ቆይቷል፣ ምን እንደሆነ ግን አልጻፍክልኝም። በውሃው ሙቀት ላይ አለመስማማትም ሊሆን ይችላል። እናትህ እንዲህ አስበዋል አላልኩም፣ እሳቸውንም «የገጠር ሴት ስለሆኑ» ብዬ አልፈርድባቸውም። በዚሁ ዳሰሳ፣ በአገር ደረጃ፣ እናቶች ከ15 ዓመት በታች ካሉ ሴት ልጆቻቸው ተገርዘዋል ያሉት 16 በመቶውን ነው፣ ብዙ አያቶች ይሄን ነገር ትተውታል ማለት ነው። ስለዚህ እሳቸውንም ጠይቃቸው፣ በአክብሮት፣ ሚስትህ በሌለችበት። ሚስትህ እንዲህ ተናገረች ብለህ ሳይሆን የራስህ ጥያቄ አድርገህ፣ «እማ፣ ልጄ እንድትገረዝ አልፈልግም» በላቸው። ከአንተ አፍ ይውጣ።

ከዚያ ለሚስትህ ንገራት። «ተገርዘሻል ወይ?» ብለህ እንዳትጀምር፣ አደራ። ይሄን ጥያቄ እሷ ስትፈልግ ታነሣዋለች ወይም አታነሣውም። አንተ «ልጃችንን ማንም አይነካትም፣ ለእማም ነግሬያታለሁ» በላትና ዝም በል። የምትመልሰው ፈጽሞ ያላሰብነው ነገር ሊሆን ይችላል፤ ብቻ ስማት። ለሕመሙ የማህፀን ሐኪም ይያት፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ሌላም ቦታ ሊሆን ይችላል፣ አብረሃት ሂድ። እስኪሻላት አትነካካት። ወራት ሊወስድ ይችላል።

ይሄ በጽሑፍ የሚያልቅም አይመስለኝም። አንድ አማካሪ ጋ በአካል ብትቀርቡ ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ እሷ ብቻዋን ብትገባ ደስ ይለኛል። ያኔ ልጅቷን አንተ ያዛት። ጓደኞችህ ጋ ያወራኸው ነገር ጆሮዋ ደርሶ እንደሆነም አስብበት፣ ባሕር ዳር ሰፊ ከተማ አይደለችም። ደርሶ ከሆነ ይቅርታ ጠይቃት፣ አልደረሰም ብትልም ወሬውን ለጓደኞችህ እዚያው ቁረጥላቸው።

ዛሬ ማታ ደግሞ ሳፋውን አንተ አንሣ። አጠባው ካስቸገረህ በሩ ላይ የቆመችውን ጠይቃት።