ፓምፑን ከማስነቀልህ በፊት የማሳውን (የባትሪውን ኔጋቲቭ) ገመድ ለካ

ወንድሜ፣ «2 ዓመት የቆመ የናፍታ ጭነት መኪናዬ አዲስ ባትሪዎች ተገጥመውለት ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም፤ መካኒኩ የነዳጅ ፓምፑ ይቀየር ይላል፤ ልቀይር?» ብለህ ጠይቀሃል። አትቀይር። እኔ በዚሁ ምክር ደህና ፓምፕ አስነቅዬ ሌላ የገዛሁ ሰው ነኝ።

1. ባትሪዎቹ አዲስ ናቸው ብለህ ኤሌክትሪኩን አትለፈው። እያንዳንዳቸው ሥራ ላይ ሳይሆኑ 12.6 ቮልት ቢያሳዩ፣ የምታውቀው ስለ ባትሪዎቹ ብቻ ነው። ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሣት የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) የሚወስደው ኃይል በሙሉ የሚመለሰው በማሳው ገመድ፣ ማለትም የሞተሩን ብረት ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር በሚያያይዘው ወፍራም ገመድ ነው፤ የገመዱ ጫፍ ደግሞ መኪናው በቆመበት እርጥበት ይበላዋል። ማርሹን ነጻ አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝ። የመልቲሜትሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ የማሳው ገመድ በታሰረበት የባትሪ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቀለም በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ አድርገህ ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። ሞተሪኖው እየዞረ ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበብህ ጥፋቱን አገኘኸው። የእኔ 8 ቮልት አነበበ!

ይህን ቁጥር ያየሁት ግን ፓምፑ ከተለወጠ በኋላ ነው። የጋራዡ ሰው አንድም ጊዜ መለኪያ ሳያነሣ «ፓምፑ ሞቷል» አለኝ፤ አመንሁት። አዲሱ ተገጥሞ መኪናው አሁንም እምቢ ሲል፣ «የቆመ መኪና እንዲህ ነው፤ እኔ ምን ላድርግህ?» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ፓምፑን የሸጠልኝም የተገጠመ ዕቃ አልመልስም አለ።

ከዚያ በኋላ ራሴ ገባሁበት። የእኔ መኪና ፓምፕ ኃይል ሲያገኝ ናፍታውን የሚከፍት፣ ሲያጣ የሚዘጋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቆሚያ አለው፤ የአንተም በዕድሜ ገፋ ያለ ከሆነ ሊኖረው ይችላል። ቁልፉን ስከፍት ቀጭ ይላል፣ ሞተሪኖው መዞር ሲጀምር ግን ይለቃል። ብለካው ከሁለቱ ባትሪዎች 24 ቮልት የሚደርሰው 12 ብቻ ነው። ማሳው ስለ ደከመ ሞተሪኖው ሲዞር ለማቆሚያው የሚተርፍ ኃይል የለም፤ ናፍታ አያልፍም፤ የሚያይ ሁሉ ፓምፑን ይወቅሳል። ባትሪ ለባትሪ የሚያያዝበትን ወፍራም ገመድ ተውሼ የማሳው ገመድ ከታሰረበት ከዚያው ኔጋቲቭ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ብረት አሰርሁት። ተነሣ! ባለሙያ ያቃተውን እኔ በአንድ ገመድ አስነሣሁት፤ ይህን ስናገር ዛሬም ደስ ይለኛል። የማሳውን ገመድ ፈትቼ ልባሱን ብላጠው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ነበር።

2. ነዳጁ። ደስታዬ ዐሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ሞተሩ እያነቀው ጠፋ። ፊልትሮውን (የናፍታ ማጣሪያውን) ስፈታ ጥቁር አተላ ሞልቶታል። በቆመ ታንክ ውስጥ ውኃ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ውኃውና ናፍታው በሚገናኙበት ላይ ረቂቅ ሕዋሳት ይራባሉ፣ አተላውም የእነርሱ ነው። አዲሱን ፓምፕ ሲገጥሙ ታንኩን ያጠበ ሰው አልነበረም፤ ገንዘብ የወጣበትን ዕቃ ከዚያ ቆሻሻ ጋር አገናኙት! ስለዚህ ቁልፉን ደጋግመህ ከማዞርህ በፊት ከታንኩ ሥር ያለውን ብሎን ፍታና የሚወርደውን በንጹሕ ጠርሙስ ተቀበል፤ ውኃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል። አሮጌውን ናፍታ አውጣ፣ ታንኩን አጥብ፣ ፊልትሮዎቹን ለውጥ። የላስቲክ ቱቦዎቹን አጥፈህ እያቸው፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ናፍታ ሳያንጠባጥብ አየር ይስባል። ከዚያ በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጣ።

ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ30 ሰከንድ በላይ አታዙረው፤ በየመካከሉ 2 ደቂቃ አሳርፈው። የአይጥ ጥርስም እንዳትረሳ፣ ከመቀመጫው ሥር ያሉትን ሽቦዎች ተመልከት።

መካኒኩ ቢጎተጉትህም መለኪያው ሳይናገር ፓምፑን አታስፈታ። ነገ ለካና ያነበብኸውን ቁጥር ጻፍልኝ፤ የማቆሚያውን አብረን እናየዋለን።