መልስ፦ የፊንጢጣ ካንሰር ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለምን እዚያው ይመለሳል?

ዕጢው ወጥቶ ሳለ ካንሰሩ ለምን እዚያው እንደሚመለስ ለጠየቁት፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ፊንጢጣን (የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል) በከበበው ስብ ውስጥ ነው። ይህ ስብ የሊምፍ ዕጢዎችንና የደም ሥሮችን ይዞ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ በመሆኑ፣ የካንሰር ሕዋሳት በዓይን ሳይታዩ እዚያ ሊቀሩ ይችላሉ። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሄልድ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ስቡን በእጅ እየፈለቀቁ ከማውጣት ይልቅ ሽፋኑን ሳይቀድዱ፣ በዓይን እያዩ፣ በስለት ለይቶ ሙሉውን ማንሣት ነው፤ ነገሩ ቀላል ቢመስልም፣ በእኔ እምነት ከብዙ አዳዲስ መድኃኒቶች የበለጠ ጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ ዘዴ ብቻ ከታከሙት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እዚያው የተመለሰባቸው 8.2 በመቶ ሲሆኑ፣ አስቀድመው አጭር የጨረር ሕክምና በወሰዱት ላይ ግን 2.4 በመቶ ነበር። ስለዚህ የፓቶሎጂው (በቀዶ ሕክምና የወጣው አካል በላቦራቶሪ የተመረመረበት) ውጤት ሲደርስዎ የወጣው አካል የዙሪያ ጠርዝ ከካንሰር ነፃ መሆኑንና ሽፋኑ ሳይቀደድ መውጣቱን ሐኪምዎን ይጠይቁ።