መልስ፦ መቄዶንያ እንዴት ተጀመረ? በባሕር ዳርስ እንዲህ ያለ ሥራ ይቻላል?

ጠያቂያችን፣ ሽምብጥ አካባቢ ጧሪ የሌላቸውን የአእምሮ ሕሙማንና አረጋውያን ለመርዳት ማሰብዎን ገልጸው የመቄዶንያን አጀማመር ስለ ጠየቁ፣ የማውቀውን እነሆ።

የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በክቡር ዶክተር ቢንያም በለጠ አማካይነት በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ የተጀመረውም በራሳቸው ቤተሰብ መኖሪያ ውስጥ፣ ከጎዳና የተነሡ ጥቂት ሰዎችን በማስጠጋት ነበር። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የተረጂዎቹ ሁኔታ ነው፤ አንዱ ሰው ሸምግሎ፣ ታምሞ፣ ማንነቱን መናገር ተስኖት ሊገኝ ስለሚችል፣ ምግብና መኝታ ብቻ አይበቃውም፤ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው ሰው ሌሊትም ጭምር ያስፈልገዋል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መርሐቸው በጎ ፈቃደኞችን ሰብስቧል፤ የሕክምናው ሥራ ግን፣ በእኔ ግምት፣ በቅን ልብ ብቻ የሚወጡት አይደለም።

ሕጉን በተመለከተ፣ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ ከገቢያቸው በ10 በመቶ የገደበው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቷል። ሥራዎ በአማራ ክልል ብቻ የሚወሰን ከሆነ ምዝገባው በክልሉ በኩል ስለሚሆን፣ አስቀድመው እዚያው ይጠይቁ።

ቤት ከመከራየትዎ በፊት ደግሞ ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች ጋር ይመካከሩ፤ የሰፈሩን እድርም ከመጀመሪያው ያማክሩ፣ ቀባሪ የሌለው ተረጂ ሲያርፍ ቀብሩን ማን እንደሚያስፈጽም አስቀድሞ መታወቅ አለበትና።