በጊደሯ ትከሻ ላይ ስለሚንኮሻኮሸው እብጠት

ከመሐል ሜዳ አካባቢ የጠየቁን ወንድማችን፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት ጊደርዎ ግራ ትከሻዋ ከትናንት ጀምሮ ማበጡን፣ በእጅ ሲጫኑት ከቆዳው ሥር እንደሚንኮሻኮሽ፣ ጎረቤቶችዎም ጡንቻን የሚገድለውን የከብት በሽታ ጠርጥረው «አባ ጎርባ ነው፣ ሳትሞት እረዳት» እያሉ እንደሚመክሩዎት ጽፈዋል። በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች በእንስሳት ጤና ሙያ ስሠራ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ስላየሁት ዘርዘር አድርጌ እመልስልዎታለሁ። ቢላዋ ከማንሳትዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባው፣ መንኮሻኮሹ ከቆዳ ሥር አየር ወይም ጋዝ መኖሩን ብቻ የሚናገር እንጂ ከየት እንደ መጣ የማይናገር መሆኑን ነው።

አስቀድሞ በእርግጥ አየር መሆኑን ያረጋግጡ። የጣቶችዎን ጫፍ አንድ ላይ አድርገው ቆዳውን በቀስታ ሲጫኑት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ደረቅ ቅጠል እንደ መጫን ያለ ስሜት ከተሰማዎት አየር ነው። ውኃ ያቆረ እብጠት የጣት ጉድጓድ ይዞ ይቀራል፤ መግል ወይም ደም የቋጠረ ደግሞ በአንድ በኩል ሲጫኑት በሌላው በኩል ይገፋል እንጂ አይንኮሻኮሽም።

አባ ጎርባ ከሆነ ጋዙ ከውጭ የገባ አየር አይደለም፤ ክሎስትሪዲየም ቾቪያይ የተባለው ተሕዋስ በጡንቻው ውስጥ እየተራባና ሥጋውን እየገደለ የሚፈጥረው ነው። ተሕዋሱ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ በሽታው በዚያው በታወቀ መስክ ላይ እየተመላለሰ ይከሰታል። በብዛት የሚያጠቃውም ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን፣ ያውም በደንብ የጠገቡትንና የወፈሩትን ከብቶች ነው። ስለዚህ በጊደርዎ ዕድሜ ጎረቤቶችዎ ይህን መጠርጠራቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን አባ ጎርባ የያዘው ከብት እብጠቱ ጎልቶ ከመታየቱ በፊት እንኳ በአብዛኛው ያነክሳል፣ መብላትና ማመስኳት ያቆማል፣ ከመንጋው ተነጥሎ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፤ ሙቀቱም 41 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። እብጠቱ መጀመሪያ ትኩስና ሲነኩት የሚያም ሲሆን፣ ከሰዓታት በኋላ መሐሉ ይቀዘቅዛል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ይጠቁራል፤ ቢጫኑትም እንስሳው አይሰማውም። ከዚህ ደረጃ ከደረሰ ሞት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ነው።

በቁስል በኩል የገባ አየር ከዚህ ይለያል። በጣርማ በር አካባቢ ብብቱን በሾለ እንጨት የተወጋ በሬ አይቼ ነበር። ቁስሉ ከውጭ ሲታይ ጣት እንኳ የማያስገባ ቀዳዳ ቢሆንም፣ በሬው እግሩን ባነሳና ባስቀመጠ ቁጥር አየር እየሳበ ያስገባ ስለነበር፣ እብጠቱ ከፍርንባው ተነሥቶ እስከ ጀርባው ደርሶ ነበር። እንዲህም ሆኖ በሬው ይበላል፣ ያመሰኳል፤ ሙቀቱም ደህና ነበር። ቁስሉ ታጥቦ ተሸፍኖ፣ በሬውም እንዳይንቀሳቀስ በረት ውስጥ ታስሮ ሲቆይ አየሩ በራሱ ጊዜ ወደ ሰውነቱ ተመጥጦ ጠፋ። ይህ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል።

እብጠቱ የጀመረበት ቦታ ምንጩን ያመለክታል። ከትከሻና ከፍርንባ ከጀመረ ብብትን መፈተሽ ነው። በግራ ጎን ላይ ከሆነ፣ ሆዷ ተነፍቶ በትሮካር (የሆድ ጋዝ ማስወጫ ሹል መሣሪያ) ወይም በሌላ ስለት ተወግታ እንደሆነ ይጠየቃል። ከባድ የሳንባ ሕመም ያለበት ወይም በወሊድ ብዙ ያማጠ እንስሳ ደግሞ የሳንባው ከረጢቶች ፈንድተው አየሩ በደረትና በአንገት በኩል ወጥቶ በጀርባው ግራና ቀኝ ሊዘረጋ ይችላል፤ እንዲህ ያለው እንስሳ በግልጽ ሲያለከልክ ይታያል። ከአንገት የጀመረ እብጠት ግን በጣም ያሳስበኛል። ለጉበት ትል የሚሰጠውን እንክብል በኃይል ሲገፉት ጉሮሮ ሊበሳ ይችላል፤ በቀዳዳውም ከአየሩ ጋር ምራቅና መኖ ስለሚገባ ውሎ አድሮ ያመረቅዛል፤ ስለዚህ ለሐኪም ሳያሳዩ ማደር አይገባም። በነገራችን ላይ በመንዝ በጎችም ላይ ጠጉር ሲሸለት ወይም በወሊድ በሚደርስ ቁስል ሳቢያ አባ ጎርባ ስለሚነሣ፣ በጎች ካሉዎት እነሱንም ልብ ይበሉ።

አሁን ጊደሯን ጥላ ውስጥ አስገብተው ቴርሞሜትሩን በፊንጢጣዋ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ያቆዩ። ከ38 እስከ 39.5 ዲግሪ ከሆነ፣ ከበላችና ሳታነክስ ከሄደች ለአባ ጎርባ ያለው ጥርጣሬ በእጅጉ ይቀንሳል። ተኝታ መነሣት ያቃታት ከሆነ ግን የሙቀቷ መውረድ አያጽናናዎት፤ በበሽታው መጨረሻ ሙቀት ይወርዳልና። ከዚያ በእብጠቱ ጠርዝ ዙሪያ ጠጉሩን በመቀስ አሳጥረው ምልክት ያድርጉና ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ መስፋፋቱን ይዩ። ብብቷን፣ በተለይ ቆዳው የሚታጠፍበትን፣ በባትሪ ብርሃን ፈትሹ። ይህን እያደረጉ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ያስጠሩ፤ አባ ጎርባ ከሆነ በጊዜ የተጀመረ በርከት ያለ ፔኒሲሊን አንዳንድ ጊዜ ያድናልና፤ እብጠቱ መንኮሻኮሽ ከጀመረ በኋላ ግን የመዳን ተስፋው ጠባብ ነው።

እብጠቱን መብጣትም ሆነ በጋለ ብረት መተኮስ በሁለቱም በኩል ጉዳት አለው። ተራ አየር ከሆነ ንጹሕ ለነበረው ቦታ የጀርም በር ይከፍታሉ፤ አባ ጎርባ ከሆነ ደግሞ ተሕዋሱን በግቢዎ አፈር ላይ ያፈሳሉ። አርዶ በቅርጫ መካፈልንም አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የታመመ ከብት ሥጋ ለምግብ አይሆንም፣ ድንገት የሞተ ከብትም አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሰውን ይገድላል። ከሞተች ቆዳዋን ሳይገፉ፣ ሆዷን ሳይከፍቱ፣ ከውኃ ርቆ ቢያንስ 2 ሜትር በተቆፈረ ጉድጓድ ይቅበሯት። አባ ጎርባ መሆኑ ከተረጋገጠ የቀሩት ጤነኛ ጥጆችና ወይፈኖች ቶሎ መከተብ አለባቸው፤ ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል፤ በየዓመቱም ክረምት ከመግባቱ በፊት መስጠት ይመረጣል።

የሙቀቷን መጠን፣ ማነከስ አለማነከሷንና በብብቷ ያገኙትን ዛሬውኑ ቢጽፉልኝ፣ ሐኪሙ እስኪደርስ ድረስ ምን ማድረግ እንደሚገባዎት እነግርዎታለሁ።